ሳይሞቅ ነው የሚለካው

ጎማ በማለዳ፣ ሳይሞቅ ነው የሚለካው፤
ከሮጠ በኋላ ቁጥሩ ሐሰት ነው፣ ሹፌር የሚያስመካው።
አባቴ ይህን ብሎ፣ ሦስት ዕቃ አወረሰኝ፦
ነጭ ላዳ ኒቫ፣ የእግር መንፊያ የሚያፏጭ፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ መለኪያ፤ እሱ ግን ይመስለኝ
ነበር እንደ ሽማግሌ፣ በሰው ፊት ዋሽቶ የማያሳፍረኝ።

በሩ ጎን ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት
ፊት ሁለት ይላል፣ ኋላ ሁለት ነጥብ ሁለት፤
ለአምስት ሰው፣ ለሻንጣ፣ ለደልዳላ መንገድ።
ለቤጋይም የሚሆን ቁጥር ግን የለበትም አንድ።

ዘጠኝ ወር ሞልቷታል። ባሏ ካዛን ከተማ
ሲሚንቶ ያቦካል፤ ስልኩ ቢጠራም አይሰማ።
እኔ ጎረቤቷ፣ በሶንኩል ሐይቅ አካባቢ
ያለሁት አንድ ሹፌር፣ በግ አመላላሽ፣ ሱፍ ሰብሳቢ፣
ሌሊት ተቀሰቀስኩ። "ሳግንቤክ፣ ተነስ፣ ጀመራት!"
አማቷ ኡልካን ናት፣ ፋኖስ ይዛ ከድንኳኔ ፊት።
ጎማዬን ረገጠች፤ እርግጫ ነው የእሷ ሚዛን።
"ድንጋይ ነው፣ ደህና ነው፣ በል ቶሎ ውሰደን!"

ድንጋይ መሆኑ ነው ጭንቄ። መንገዱም ድንጋይ፤
ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ወፍጮ አይደለም ወይ?
መሀል የገባውን ያደቃል።
ጠጠሩ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል፤
በግ እንኳ ስጭን፣ ታች ስደርስ ያነክሳል።

ተንበረከክሁ። የቫልቩን ክዳን በጥርሴ ፈታሁ፤
ክብሪት እንጨት ሰክቼ አየሩን ለቀቅሁ።
አንድ ነጥብ ስምንት። ኡልካን ጮኸች፦ "አበድክ?
ልጅት በምጥ ተይዛ ጎማ ታስተነፍስ ጀመርክ?"
አንድ ነጥብ ስድስት። አንድ ነጥብ አምስት።
እዚህ ላይ መለኪያውን ትቼ በባትሪ አየሁት፤
ጎኑ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ጡት እንደጠገበ ጉንጭ።
ከዚህ በታች ቢወርድ ጠርዙ ከቸርኬው ይለቃል፤
ሹል ድንጋይ ካገኘው እንደ ጨርቅ ይቀደዳል።
ቁልቁለት ነውና ፊቱን ሁለት ምት መለስኩለት፤
ኋላውን ተውኩት። ሁለት ነፍስ ነው ያለበት።

ወረድን። ጥምዝ፣ ደግሞ ጥምዝ። ጎማው ድንጋዩን እየዋጠ፣
እንደ ግመል መዳፍ እያንዳንዱን እየላመጠ።
ቤጋይም ከኋላ "መንገዱን ጠርገውታል?" አለች።
ኡልካን መልስ አጣች። የልጅቷን ግንባር ዳበሰች።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ግን ሌላ ሕግ መጣ፤
መሪው እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ማለት አመጣ።
የላላ ጎማ በሩጫ ይግላል። ናሪን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቀርቷል፣ ምጡ እየገፋ፤
ወይ ልዝገም፣ ወይ ቆሜ ልንፋ።

ቆምኩ። "አትቁም!" አሉኝ ሁለቱም።
መንፊያውን ዘርግቼ ረገጥኩ። አንድ፣ ሁለት... ቤጋይም
በመስኮት በኩል ምጧ ሲመጣ ከእኔ ጋር ቆጠረች፤
አርባ ላይ ስንደርስ ምጡ ለቀቃት፣ አረፈች።
እኔን ግን ማን ይልቀቀኝ? ሦስተኛው ጎማ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ኡልካን ወረደች፣ "ዞር በል" አለችኝ።
በላስቲክ ጫማዋ ረገጠች። ያው የድሮው እርግጫዋ፣
አሁን ግን አየር ሆኖ ገባ።

ናሪን ሲነጋ ደረስን። ልጅቷ ወጥታ
ትንሽ ዝም አለች፤ ሁላችንም ዝም አልን።
ከዚያ ጮኸች። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ፣ አሉን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ጣሪያው ላይ ነጥቶ፣
የአምቡላንሱ ሹፌር ቱሩስቤክ፣ አዲስ መለኪያ አውጥቶ
ከእኔው ጋር አስተያየው። የአባቴ በሦስት ይዋሻል።
አንድ ነጥብ አምስት ያልኩት አንድ ነጥብ ሁለት ኖሯል።
ያንን ሁሉ ጥምዝ፣ ያንን ሁሉ ሹል ድንጋይ...
እግሬ ከዳኝና ቸርኬው ላይ ተቀመጥኩ።

አልጣልኩትም ግን። ሚስማር ተበደርኩና
ከጀርባው ጻፍኩበት፦
"ሦስት ቀንስ።"