ተራ ቁጥር ሰባት

ደብዳቤው ደረሰ፣ ማክሰኞ ረፋድ፤
ማኅተሙ ወፍራም፣ ቃሉ እንደ በረድ።
"ለጎንደር ከተማ፦ ድጎማው ከሦስት አንድ እጅ ቀንሷል፤
ጉድለቱን ከተማው ከገቢው ይሸፍናል።"
ግርጌው ላይ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል፤
የማይመለከተው ማን እንደሆነ መች ይናገራል።

ሐሙስ ጉባኤ ተጠራ።
እኔ ጥግ ይዣለሁ፣ ከብዕሬ ጋራ፤
ሥራዬ መጻፍ ነው የተባለውን፣
መዋጥም ነው፣ ሳይባል የቀረውን።

አቶ እንየው ከፋይናንስ፣ መነጽራቸውን ጠርገው
ቁጥሩን አነበቡት፣ እንደ መርዶ ዝቅ አድርገው።
"የአንገረብ ደለል ጠረጋ፦ ዜሮ" አሉና
ውሃ ጠጡ። ብርጭቆው ግማሽ ነበርና
ሁላችንም አየነው።

አቶ አዛናው ተነሡ፣ የአዘዞው ተወካይ፣
ሠላሳ ዓመት ቄራ የሠሩ፣ ሥጋ ከአጥንት ለይ።
"ቢላዋ የያዘ ሰው መጋጠሚያ ይፈልጋል፤
አጥንት ላይ ያሳረፈ ስለቱን ያበላሻል።
ይህን የቆረጠው ሰው በሬውን አይቶታል?
የታረደ መስሎት ነው፤ ገና በእግሩ ቆሟል!"

ሣቅ ሆነ። ከዚያ ዝም።
ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን ዝም አላሉም፦
"አንዲት ናት ያለችን የእሳት መኪና፤
ግማሿን እናቁም? እሳት ቀን ያከብራልና!
'ሰኞና ረቡዕ ብቻ' ብለን እንጻፍለት፣
ግልባጭ ለነፋሱ፣ እንዲያውቀው በማለት።"

የሚቀነሰው ዝርዝር በየጠረጴዛው ታደለ።
አራት፦ የቀሃ ድልድይ ጥገና፣ "ለከርሞ ይተላለፍ"፤
ቀሃ ክረምት ሲገባ ማንን አስፈቅዶ ነው የሚያልፍ?
ስድስት፦ የጽዳት ሠራተኛ፣ ከሰማንያው አርባ፤
አንጓች ታወሰችኝ፣ ጨለማውን ገፍታ ፒያሳ የምትገባ።
እኛ ስንነቃ መንገዱ ራሱን የጠረገ ይመስለናል፤
ያላስነጠሰንን አቧራ ማን ያስታውሰዋል?
ሰባት፦ "የጉባኤ ጸሐፊ፣ መደቡ ይታጠፍ።"
እጄ አልቆመም። እንዴት ይቆማል፣ ሥራዬ መጻፍ?
ከስሩ አላሰመርኩም፣ ቀለም አላጠቆርኩበት፤
በነጠላ ሰረዝ አለፍኩት።

ሰብሳቢው ጠየቁ፦ "እንቀበል ወይስ እንመልስ?"
መብራት ጠፋ። ማንም አልተነሣም ሻማ ሊለኩስ።
በጨለማ እጅ አይቆጠርም፤ "በድምፅ ይሁን" ተባለ፤
ከቀኝ ጀምሮ አንድ በአንድ "አልቀበልም" አለ።
ለበላይ ደብዳቤ ልማዳችን "ደርሶናል፣ እንፈጽማለን" ነው፤
በዚህ አዳራሽ ይሄን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ ደጋግሜ የጻፍኩት ፊደሉን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው።

አርባ አንድ ቆጠርኩ። አንድ ሰው ዝም አለ፣ በሳሉ ለየሁት፤
ስሙን ግን ተውኩት።
"አንድ ድምፀ ተዓቅቦ" ብዬ ጻፍኩ። የዝውውር ማመልከቻው
ባሕር ዳር ከርሟል፣ ከሌላው ጋር ተደራርቦ፤ ልጆቹ እዚያ ናቸው።

መልሱን የተየብኩት እኔ ነኝ። አቶ አዛናው አንድ መስመር አስገቡ፦
"በጀቱን ቆረጣችሁ፤ እኛም ቆርጠናል።" ሰብሳቢው ሲያነቡ
"ለመንግሥት ደብዳቤ ቅኔ አይሆንም" ብለው ሰረዙት፤
እኔ ስገለብጥ ረሳሁና መለስኩት።

ማኅተም ልመታ ስል ቀለሙ ደርቋል፤
የቀለም ግዢ ከሰኔ ጀምሮ ታግዷል።
ከአቶ እንየው ብርጭቆ አንጠባጠብኩበት፣ ከዚያችው ከተረፈችው፤
ሰማያዊው ደበዘዘ፣ ክቡ ግን ሙሉ ነው።
ለመኪናው ነዳጅ የለም። ደብዳቤው በሚኒባስ ሄደ፣
በአንዲት ተሳፋሪ ዘንቢል፣ ከበርበሬ ጋር ተዛመደ።

ዓርብ ጠዋት አንጓችን አገኘኋት፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ።
"ማታ በአዳራሹ ሳልፍ" አለችኝ፣ "መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ፣
አንድ ቃል ትደጋግማላችሁ። ምን ተጣላችሁ?"
"አልተጣላንም፤ ቆጠራ ነው።"
"ስንት ሆናችሁ?"

ዝርዝሩን አልነገርኳትም፣ ስድስትን አላነሣሁባት።
ድምፅ የሌለኝን እኔን ጨምሬ
አርባ ሁለት አልኳት።