ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ሐምሌ፣ ቱሉ ዲምቱ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤
መዝገቡ ርጥበት ስቦ ገጽ ከገጽ ተጣብቋል።
ተራ ቁጥር አርባ አንድ፦ ጮምቤ ዳና፣ ዘበኛ፣
ዕድሜ ሃያ ሦስት። የሞት ምክንያት፦ መጋኛ።

አጎቱ ያለኝን ነው የጻፍኩት።
ቤቱን ግን አይቼዋለሁ፤ የቆርቆሮ ቤት፣
ሽንቁሩን ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት
ጠቅጥቆ፣ ጠቅጥቆ፣ ለብርድ መግቢያ ያሳጣው፤
የቀለም ጣሳ ውስጥ ከሰል፣ አመድ የለበሰ።
ሌባ ቢሆን ውሻው ይጮህ ነበር። ይሄ ግን
ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ኮቴ የለው።
የሚጠብቀው ፎቅ መስኮት አልገባለትም ገና፤
ነፋስ እንደ ልቡ ሲወጣ ሲገባበት ያድራል።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሠላሳ ሰባት፦ አራስ፣ ሠላሳ ስምንት ልጇ፣
«ያልታወቀ»። ቤቱን ያሞቁላት ወዳጆቿ ናቸው።
ሃያ ዘጠኝ፦ «ልብ»።
አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፦ «በድንገት»፤
ሦስት ግንበኛ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሌሊት።
ቅጹ ላይ ለከሰል የሚሆን ሣጥን የለም።
ወረዳው ይደምራል፣ ከተማው ይደምራል፣ አገር ይደምራል፤
የኔ ባዶ ከሌላው ባዶ ጋር ተደምሮ
ንጹሕ ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ በዓመቱ ዞሮ።

መጋኛን ሰርዤ «ከሰል» አልኩ፣ በቀይ።
«መዝገብ አይሰረዝም፣ ሲስተር» አለኝ ኃላፊው።

አጎትየው ዛሬ ተመለሰ፤ ከኋላው የጮምቤ ታናሽ።
ቦታው ክፍት ነው፣ ማታ እዚያው ሊገባ።
«በሩን ገርበብ አርገህ ተኛ» አልኩት።
እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።
«ይበርዳል እኮ» አለኝ።