ስምንት እጥፍ

ትራሙ በረዶውን ገፍቶ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ፣
ዝዲስላቫ በብርኖ ጠመኔ ይዛ ስትጽፍ፣
አንድ ሕግ ነው የያዛት፦
ቦታን እጥፍ ብትዘረጋው ጊዜ ስምንት እጥፍ ይሻል፤
በዚህ ልክ ካልሰፋ ግን የስበት ሚዛኑ ይፈርሳል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር።
«የልጅ ካፖርት ባንድ ቀን» ይላል፣ በጥርሱ መርፌ ነክሶ፣
«ቁመቱን እጥፍ ካሉኝ ግን፣ ሳምንት ይሄዳል ገስግሶ፣
አንድ ቀን ይመረቅበታል።»
ያኔ ስቃበት ነበር።

ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ ትላለች፣ ሁለቱ ይታረቃሉ፤
ቦታና ጊዜ በብርሃን ፊት እኩል እጅ ይነሳሉ።
ጠቡ ከታች ነው፣ በደቂቁ፣ በስንጥሩ፣
ጊዜ ብቻውን እንደ ጨርቅ ጣቃ
በሚነባበርበት ከሥሩ።

በጥር አባቷ ታመመ።
ሱቁ ወደ ቤት፣ ቤቱ ወደ ክፍል፣
ክፍሉ ወደ አልጋ ጠበበ።
ስሌቱን ወደ ኋላ አነበበችው፦
ዓለሙ በግማሽ ሲያንስ
ቀኑ ከስምንት እጅ አንዱ።
እንደገና በግማሽ —
ጠመኔውን አስቀመጠች።

ዛሬ እሱ የጀመረውን ካፖርት ለብሳ
ትራም ትጠብቃለች።
አንገቱ ላይ ያልተመዘዘ የልክ ክር አለ፤
እጅጌው ይረዝማታል።