ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ

የሚቀልድ መስሎኝ ነው የመጀመሪያው ዕለት፣
አቶ ኩምሳ ሲለኝ «ክሪክ ሥራልኝ፣ ለጀልባ የሚሆን፣ ከብረት።»
ሶማሌ ተራ ላይ፣ ጎማ በጎማ ላይ በተቆለለበት፣
የመኪና አጥንት እንጂ ባሕር መች አለበት?

ሃያ ሁለት ዓመት በብየዳ ስኖር
በርና መስኮት ነው፣ የታንከር እግር፣
ሲከፋም የመቃብር አጥር።

እሱ ግን ሲባጎ ሳበ ከኪሱ ሥር፣
ሁለት ቋጠሮ ያለው፣ ጫፉ ላይ ጠጠር።
«ይሄ የታችኛው የበጋው ልክ ነው፣ ውሃው የሚሸሽበት፤
ይሄ የላዩ ደግሞ የነሐሴው ነው፣ ሞልቶ የሚመጣበት።
ከባቦጋያ ነው የለካሁት፣ ከእንጨቱ ወደብ ላይ ተንበርክኬበት።»
ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ከመነጽሬ ጎን።

ከዚያ ምርጫ መጣ።
ሸምሱ ረዳቴ «ሐዲድ ይሻላል፣ በጎማ ይሳባል» ቢል፣
«ታቹ ጭቃ ነው» አለ ኩምሳ፣ «ሐዲዱን ይውጥብናል።»
የጎጃም በረንዳው ነጋዴ «ሀይድሮሊክ አለ፣ ከዱባይ ይመጣል፤»
ዋጋውን ሲጠራው ሸምሱ አሳለ፣ «በዚህ ብርማ» አለ፣
«ሐይቁን ራሱን ይሸጡልናል።»

እንግዲህ አራት እግር፤ አራት ቋሚ ብረት፣
በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አልጋ፣ ጣውላ የተነጠፈበት፤
ጋልቫናይዝድ ይሁን፣ ዝገት እንዳይገባበት፤
ዊንቹም ከአሮጌ ጭነት መኪና የተፈታ፣ ሰባት ዓመት አቧራ የተኛበት።

«ክብደቷስ?» ብለው፣ «ስምንት ኩንታል፣ ከነሞተሯ።»
ጻፍኩት በጠመኔ፣ በበሩ ላሜራ።
ቤንዚን ደመርኩበት፣ መቅዘፊያና ዕቃ፣
አሥራ ሁለት ቢችል ይበቃል፣ አልኩና፣ መደመሩ አበቃ።

ሻይ የምታፈላው ወለላ ከማዶ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጥታ
ቁጥሩን አየችው፤ ቆመች ጥቂት ቆይታ።
«ዝናብስ?» አለችኝ።
«ዝናብ ምን?» አልኳት።
«ዝናብ አይመዘንም? አፏን ከፍታ ስታድር፣ ውሃ ሲሞላባት?»

ታውቃለቻ እሷ።
የላስቲክ ጣሪያዋ ሐምሌ በገባ ቁጥር
ሆዱ እንደ እርጉዝ ላም ወርዶ ሲወጠር
በመጥረጊያ እንጨት ከታች እየገፋች
ስንት ክረምት ሙሉ ዝናብ መዝናለች።

ኩምሳ ሳቀ አስቀድሞ። ቀጥሎ ሳቁን ዋጠ።
«አምና የሰመጠችው...» አለና አቋረጠ።
(አምና የሰመጠች መኖሯን እስካሁን አልነገረንም ነበር!)
«ገመዷ ሳይበጠስ፣ ማዕበል ሳይነካት፣
እዚያው እንደታሰረች፣ ዝናብ ብቻ ሞልቷት።»

ጠመኔውን በእጅጌዬ ጠረግሁት። ሃያ ብዬ ጻፍኩ።
ገመዱንም በወፍራሙ ለወጥኩ፤
ለጀልባዋ ደግሞ፣ ከሆዷ በታች፣
ስትነሳ ቡሹ ተነቅሎ የምትፈስበት ቀዳዳ አዘዝኩ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቀል፣
ከደጅ ተከልነውና የሙዘይንን ሚኒባስ አልጋው ላይ አወጣን።
ወያላው በመስኮት ወጥቶ «ሁለት ሰው የቀረው፣ ቢሾፍቱ! ቢሾፍቱ!»
ዊንቹ ጥርሱን አፋጨ፤ ከፍ አለች፤ ጎማዋ አየር ላይ ዞረ፤
መንደሩ አጨበጨበ፤
እኔ የማየው ግን አንዱን እግር ነበር፣ አስፋልቱን ሰንጥቆ ጣት ያህል የገባውን።
አስፋልት እንዲህ ከሆነ፣ ጭቃስ?
ለአራቱም እግር ሰፋፊ ጫማ በየድኩላቸው።

ለተከላ ሸምሱ ሄደ፣ በኢሱዙ፣ ከነብረቱ።
ሐሙስ ተመለሰ፣ ጭቃ ለብሶ እስከ ደረቱ።
«ቆመ ጋሼ» አለኝ። «ተነሳች?» «ተነሳች።»
«ምን ትመስላለች?»
አሰበ፤ እጁን ጠረገ።
«ምንም። ከሥሯ ውሃ የወጣባት ጀልባ ነዋ።»

ሲባጎው ግን ቀረ፣ እዚያው ምስማሩ ላይ።
ዛሬ ጎርፍ ወርዶ ሰፈሩ ሲናጥ፣
የወለላ ላስቲክ ሲያብጥ፣ በርጩማዋ ሲንሳፈፍ፣
ሸምሱ ሲባጎውን አወረደና ከደጃፉ ቆሞ
ጠጠሩን ለቀቀው፣ አጎንብሶ አየ፤
ውሃው ከታችኛው ቋጠሮ አልደረሰም።

«ጋሼ» ብሎ ጮኸ፣ ዝናቡ እየደበደበው፣
«አትስጋ፣ ገና በጋ ነው!»