የመስኮቱ ወረንጦ

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፣
ዓይኔ ሲከዳኝም ጣቴ ነው ያኖረኝ።
ማዶ ያሉት ወንድሞች አዲስ ገዳም ሠርተው
ሥርዓት ላኩልን አሉ፤
ጣራው ገና ሳይለብስ በሩን ብቻ ዘግተው።

እናም እቀዳለሁ።
ደንገሉ ተፍቆ፣ ጥላሸቱ ርሶ፣
ብርዔ እንደ ሽመላ አንገቱን ቀልሶ፦
«በጨለማ ማንም ከማንም አያውራ፤
ባንድ አህያ አይቀመጥ ወንድም ከወንድም ጋራ።»
እዚህ እስክደርስ ድረስ ብርዔ ይሮጣል፤
ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ጣቴን ይይዛል፦
«እሾህ የወጋውን ሰው ባልንጀራው አይንቀልለት፤
አለቃው ወይ ምክትሉ ካልሆነ ማንም አይንካለት።»

ወረንጦው እዚሁ ነው፣ ከራሴ በላይ፣
መጻሕፍት ከሚያድሩበት ከመስኮቱ ላይ፤
በተልባ እግር ፈትል ተንጠልጥሎ ይኖራል፣
የሰሜን ነፋስ ሲመጣ ከግድግዳው ይማታል።
ቃ... ቃ... ይላል።
ደወል አይደለም፤ ግን ይጠራኛል።

ፒሖር የሚሉት ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ዘር፣
ጢሙ ገና ያልጸና፣ ውኃ የለመደ እግር፣
ደንገል አጭደን ስንመለስ፣ ከአንድ ግራር ሥር
ተረከዙን ወጋው።
«ምንም አይደል» ብሎኝ ሄደ እንደ ዘበት፤
ማታ እግሩን አየሁት፤ በርትቶበት እብጠት።
አለቃችን ሳንስኖስ ሰሌን ሊሸጥ በጀልባ
ከምክትሉ ጋር ወርዷል፣ ሰኞ ጎህ ሳይጠባ።

ሦስት ሌሊት።
በእኔና በእርሱ ምኝታ መካከል አንድ ክንድ ቦታ፤
እርሷም በሥርዓት የተለካች፣ የማትነካ፣ የማትረታ።
አያለቅስም። መናገር በጨለማ ክልክል ነው።
ትንፋሹን ብቻ ሰማሁ፣ በጥርሱ መካከል ሲያጠልለው።
ተነሥቼ መስኮቱ ሥር ቆምኩ።
ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።
ድምፁን በመዳፌ አፈንኩ፤
ቆየሁ፤
እጄን ሰበሰብኩ።
ፊደል ያልቆጠረው አባቴ እሾህን በእሾህ ይነቅል ነበር፤
ፊደል የቆጠርኩት እኔ ቆሜ አደርኩ ከፊደል በር።

በአራተኛው ቀን ጀልባዋ መጣች።
ሳንስኖስ ወረንጦውን አውርዶ፣
እግሩን እንደ ሕፃን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣
አንድ ጊዜ ሳበ። የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር።
መግሉ ፈሰሰ፤ ልጁም አልጮኸም ነበር።
ወደ እኔ ዞረ። «አልነካኸውም አይደል?»
«አልነካሁም።»
«መልካም» አለኝ።
ያቺ «መልካም» እስከ ዛሬ ከተረከዜ አልወጣችም።

ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም እኮ።
አንዱ የአንዱን እግር ይዞ፣ ፍቅር ወደ አድልዎ ቢያዘነብል፣ ሌላው አይቶ ቢቀና፣
ቤት ይፈርሳል። አባቶች አይተው ነው የጻፉት ይህን ቀኖና።

ፒሖር አልሞተም። ዛሬ የዳቦ ቤቱ ኃላፊ ነው።
ግን ያነክሳል።
ለሌሊት ጸሎት ራሳችንን ሸፍነን ስንሰለፍ
ፊት አይታይም፤ እግር ግን ይሰማል፦
አንድ ጠንካራ፣ አንድ ለስላሳ።
አንድ ጠንካራ፣ አንድ ለስላሳ።
ቂም የለውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ዳቦ ሲያቀብለኝ፣ ፈገግ ብሎ
«ኮሉጦስ፣ ያን ሌሊት መስኮቱ ሥር ማን ነበር?» አለኝ።
ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ።

እነሆ መስመሩን ጻፍኩት፣ አንዲት ነቁጥ ሳላጎድል፤
መጨመርም ክልክል ነው፣ መቀነስም በደል።
ቀኖና ጻፍኩ፤ ቀኖናዬም እርሱው ነው።
ግን ከመስመሩ በኋላ ጣት የምታህል ቦታ ተውኩ፣ ባዶ።
ማዶ ያለው አንባቢ «ብል በላው» ይላል፣ ወይ «ቀለም አለቀበት»፤
ምናልባት አንድ ሌሊት፣ አለቃው ጀልባ ላይ ሳለ፣
አንድ ልጅ ጣቱን ያሳርፍበት።

ነፋሱ ተነሣ። ቃ... ይላል።
ብርዔን ነከርኩ።
ቀጣዩ ሥርዓት ስለ ጨው ነው።