አስተካክላለሁ

ውጤቱን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ዳኛ ነኝ፤ ደንብ፣ እርሳስ፣ ሰዓት ነው ያለኝ።
ስምንት ተጫዋቾች፣ ሁለት ቀን፣ አሥራ አራት ዙር፤
ውጭ ባጃጅ ሲጮህ፣ ውስጥ ዝንብ ብትበር
የምትሰማበት የሐዋሳ አዳራሽ፤
ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ፣ ዜሮ፣ ግማሽ።

የመጀመሪያው ቀን ዓይን ተሸፍኖ ነው።
ጥቁሩን ጨርቅ አሰርኩ፣ ማንንም ሳልምረው፣
ጠበቅ። ምንተስኖት፣ የሸገሩ ዝነኛ፣
"ጆሮዬን እንኳ ተው" አለኝ፣ "አንተ ዳኛ!"
ቀጀላ፣ ከአዳማ፣ ከንፈሩን ነከሰ፤
አብዱረዛቅ በጣቱ ጠረጴዛ ዳሰሰ።
ትንግርት ላታሞ ግን፣ የዚሁ ሐይቅ ልጅ፣
ጨርቁ ሲወርድባት፣ ከሩቅ መጥቶ ደጅ
ደርሶ፣ ገብቶ፣ በሩን እንደቆለፈ ሰው
ትከሻዋን ወደ ታች ለቀቅ አደረገችው።

ትንግርት እጅጌ ትሰፋለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ።
ግራውን ብቻ፤ ቀኙ የሌላ ሴት ነው። ስልክ
አይገባም። ወሬ የለም። መስመሩ አይቆምም።
እሷ ግን ስድስት ዓመት፣ ማንም ሳይሰማም
ሳያይም፣ ከመኪናው ጩኸት ሥር ተደብቃ
ሁለት ጨዋታ ትጨርሳለች በአንድ ፈረቃ፤
ነጩም ራሷ ናት፣ ጥቁሩም ራሷ፤
መርፌው ሲወርድ እርምጃ፣ ሲወጣ መልሷ።

"ፈረስ፣ ኤፍ ሦስት" ትላለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው፤
በሷ ፋንታ ጠጠሩን እኔ ነኝ የማነሳው።
"ወታደር፣ ዲ አምስት።" ዋጋ እንደሚጠይቅ፣
ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ።
አምስተኛው ዙር፣ ከሷ ጋር፣ ምንተስኖት ጠፋው፤
ከሞተ የቆየ ወታደር መብላት ከጀለው።
"እዚያ ምንም የለም" አልኩት። ከጨርቁ ሥር
ላብ ወረደ። እሷ ሳጥን የገባውን ጠጠር
እንኳ በቁጥር ታውቀዋለች።

ከሰባት ስድስት ተኩል። አንደኛ። ጻፍኩ።
እርሳሴን ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቀረጽኩ።

በማግሥቱ ፈጣን። ዓይን ተገለጠ።
አሥራ አምስት ደቂቃ፤ ሰዓቱ አፈጠጠ።
የመጨረሻው ዙር፣ እሷና ምንተስኖት፤
ቦታው ለሷ ያደላል፣ ጊዜም ተርፏታል ጥቂት።
እሱ ሰዓቱን በጡጫ ሲመታው ግን
ጠረጴዛው ተናጠ፤ ንግሥቷን የሚጠብቀውን
ፈረሷን አጣመመው፤ ግማሹ ከቤቱ ወጣ።
አልወደቀም። ጠመም ብቻ።
እጇ መጣ።

እጇ የሚያውቀው እጅጌ ነው። ጠማማ ስፌት
ሲያይ ዝም አይልም፤ ተቆጣጣሪዋ ስድስት ዓመት
የገራችው እጅ ነው። በሁለት ጣቷ
ፈረሱን ይዛ ቤቱ መሐል አቃናችው።

"ነካች!" አለ ምንተስኖት።

አንዲት ቃል አለች፣ ከመንካት በፊት የምትባል፦
አስተካክላለሁ።
እሷን ብለሽ ከነካሽ ምንም አይደል፤
ዝም ብለሽ ከነካሽ፣ የነካሽው ይሄዳል።
ትናንት ሁሉን በቃል ጠርታ ምንም አልነካችም፤
ዛሬ ነካች፣ ምንም አልተናገረችም።
ምንተስኖት ክፉ ሰው አይደለም። ደንቡን ነው የጠራው።
እኔም አይቻለሁ። ማየት ነው ሥራዬ።
"ፈረሱን ተጫወቺ" አልኳት።

አልተከራከረችም። ፈረሱ ሄደ። ንግሥቷ ተበላች።
ከአራት እርምጃ በኋላ ለመጨበጥ እጇን ዘረጋች፤
እሱ ጨበጣት፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ፈጣኑን ምንተስኖት ወሰደው። ትንግርት አራተኛ።
ዜሮ ክብ ነው፤ ክብ አድርጌ ጻፍኩት፣ እንደ ዳኛ።

ሲመሽ አባ ኮዳዎች ጣሪያው ላይ ቆመው ነበር፣
ካፖርት እንደደረበ ይግባኝ ሰሚ፣ ሳይነጋገር።
በሩ ላይ ስቸኩል የለጠፍኩት ወረቀት
ወደ ግራ ጠሟል። ትንግርት መጣች፤ በጣቷ ጫፍ
ስሟን ሁለት ቦታ ፈልጋ አገኘችው።
ከዚያ አንዱን ስፒል ነቀለች፣
ወረቀቱን ቀና አደረገች፣
መልሳ ሰካችው።
የማታው ፈረቃ ሰርቪስ ከመንገዱ ዳር ጥሩምባ ነፋ፤
ሮጠች።

ከኋላዋ ቆሜ ነበር።
ነካሽ አላልኳትም።