ቁርጥ

በርባንክ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፤
ዴልፊን ኦከርሉንድ ቁጭ ብላ አንድ ጀግና ስታካፍል፦
ግማሹን ለስቱዲዮው፣ ግማሹን ለዳይሬክተሩ፣
ፍርፋሪውን ለመሳቢያዋ፣ ከነቀኑ፣ ከነቁጥሩ።

ስሙ የነሐስ አንበጣ ነው። ገና በልጅነቷ ታውቀዋለች፤
ከወንድሟ ፍራሽ ሥር ሰርቃ፣ በባትሪ አንብባዋለች።
ዛሬ ስድስት ሆኖ መጣባት፤ ስድስቱም አንድ ስም ተጋርተው፣
እንደ ውርስ ተሟጋች ወንድማማች ጀርባ ለጀርባ ተኝተው።

አንደኛው ወረቀት ነው፤ ካሜራ ፊቱን አላየም።
ሬሲዳ፣ ሞቴል ውስጥ፣ ደራሲው አንድ ወር በቅጡ አልተኛም።
መቶ አርባ ገጽ፤ ጀግናው እስከ ሰባኛው ድረስ አይበርም፣
የሰው ጣሪያ ይጠግናል፣ ከመዶሻው በቀር ማንም አይናገርም።
አዘጋጁ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጻፈበት፦ «መቼ?»
ደራሲው አሁን የውሻ ምግብ ማስታወቂያ ይጽፋል።
ጥሩ ይከፈለዋል።

ሁለተኛው ልብስ ብቻ ነው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ነሐስ መሳይ ጎማ።
ተዋናዩ ፎቶ ሳይነሣ በሙቀት ወደቀ፤ «ውኃ!» ሲል ከውስጥ ማን ይስማ!
ዛሬ ግሌንዴል፣ በአንድ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል፣
መንጋጋውን ይዞ የመጣ ሕፃን ሁሉ ያየዋል፤ የባሰ ያለቅሳል።

ሦስተኛው በረዶ ነበር። ከትሮምሶ የመጣ ዳይሬክተር
ሐይቅ ላይ ብቻውን ሊያቆመው፣ አንድ ቃል እንኳ ሳያናግር፤
አርባ ሥዕል አሠራ። ከሐይቁ ቀድሞ ገንዘቡ ቀለጠ፤
ሥዕሎቹ ያሉበትን የሚያውቅ ዘበኛ ጡረታ ወጥቶ አመለጠ።

አራተኛው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አንድ፤ ዳይሬክተሩ አለቀሰበት።
አምስተኛው ዘጠና አራት ደቂቃ፤ ዓለም ፈንዲሻውን ጨረሰበት።

በመሃል የጎደለው ምኑ ነው? ደም አይደለም፣ ሰይፍ አይደለም፤
አንዲት እናት ናት፤ ዕቃ ታጥባለች፤ ከሳሙናው ቀና አትልም።
ልጇ በመስኮት ይገባል፣ ከተማ አትርፎ፣ ክንፉ ተጣሞ፤
«እግርህን ጥረግ» ትለዋለች። ይሰማል፣ ዝም ብሎ ቆሞ።

ሼርማን ኦክስ ለሙከራ ሲያሳዩት፣ እዚህ ላይ ሲደርስ
ሦስት ሰው ሽንት ቤት ሄደ።
ተቆጠረ። ተጻፈ። ተቆረጠ።
የቆረጠችው ዴልፊን ናት፤ እጇ ደመወዝተኛ ነው፣
መሳቢያዋ ግን የራሷ ነው።

ማክሰኞ ማታ አንዲት አሮጊት በሩን በጃንጥላ እጀታ መታች፤
ቨርና ብራንድቮልድ፣ ከዴይተን፣ ሁለት ቀን ተኩል በአውቶቡስ መጣች።
ሟች ባሏ ሆሊስ ነው አንበጣውን የሣለው፣ በገጽ አሥራ አንድ ዶላር፣
ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በኩሽና ጠረጴዛ ዳር።
«ፊልሙን አየሁት» አለች። «ጫጫታ ነው። እናቲቱንስ የት አደረሳችኋት?»
ዴልፊን መልስ አልነበራትም። መሳቢያውን ከፈተችላት።

ያላለቀ ምስል፤ ገመዱ ይታያል፣ ግድግዳው አረንጓዴ ጨርቅ፤
ከላይ ቁጥር ይሮጣል፤ አንዱ ክንፍ ካርቶን፣ ሌላው ሙጫው የሚላቀቅ።
ውኃው ብቻ ውኃ ነው።
ቨርና መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች፤
«ቁርጥ አማቴን!» አለችና አንዲት ሳቅ ለቀቀች።

በነሱ ቋንቋ ሁለት ቃል ነው። በኛ ግን አንድ ነው፤
የተቆረጠውም ቁርጥ፣ የመሰለውም ቁርጥ፤ ቁርጡን ያወቀ ማን ነው?

«ይጠርጋል ወይ?» አለች ቀጥላ። «እግሩን? ይጠርጋል ልጁ?»
ዴልፊን አንድ አንድ ፍሬም እያለች ወደ ፊት ገፋችው።
ቀኝ እግሩን ያነሣል። ምንጣፉ እዚያው አለ።
ጫማው አየር ላይ ሳለ
«ቁረጥ!» የሚል የወንድ ድምፅ። ከዚያ ጥቁር።
«የተቀረጸው እዚህ ድረስ ነው።»

ስድስተኛውን የሠራው የለም፤ በጀት የለው፣ ፖስተር የለው።
ቨርና ጃንጥላዋን ተመርኩዛ፣ የመውጫውን ምንጣፍ ስታየው
ቆመች። በርባንክ ከመጋቢት ወዲህ አልዘነበባትም፤
ደግሞስ ለሚወጣ ሰው ምን ያደርግለታል?
ቀኟን ጠረገች። ግራዋን ጠረገች።
ወጣች።